የፕሮግራመሩ ሙግት፦ ኤድስኸር ዳይክስትራ ከ1930 እስከ 2002

ኤድስኸር ዳይክስትራ ሜይ 11 ቀን 1930 በሆላንድ የወደብ ከተማ በሮተርዳም ተወለደ። (እዚህ ያሉት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።) አባቱ ኬሚስትና መምህር፣ በአንድ ወቅትም የአገሩ የኬሚስቶች ማኅበር ፕሬዚዳንት ነበር። እናቱ ሒሳብ ተምራለች፤ ደመወዝ የሚከፈልበት ሥራ ግን ይዛ አታውቅም። ልጇ አንድ ቀን ሒሳብ ከባድ እንደሆነ ሲጠይቃት የመለሰችለት ነገር ዕድሜውን ሙሉ አብሮት ኖሯል፦ ቀመሮቹን ሁሉ አጥርተህ እወቅ፤ ከዚያ በኋላ አንድን ነገር ለማረጋገጥ ከአምስት መስመር በላይ ከፈጀብህ መንገድ ስተሃል ማለት ነው። ሰውየው ኋላ በሺህ በሚቆጠሩ ገጾች የተሟገተለት ነገር ሲጨመቅ ከዚች የእናት ምክር ብዙም አይርቅም።

አሥረኛ ዓመቱን በያዘ በሦስተኛው ቀን የጀርመን አውሮፕላኖች የሮተርዳምን እምብርት በቦምብ አወደሙት። በማግሥቱ ሆላንድ እጅ የሰጠችበት ውል ተፈረመ። በ1942፣ አገሩ በወረራ ሥር እያለች፣ ኢራስሚያኑም ወደሚባለው የከተማው ስመ ጥር ትምህርት ቤት ገባ፤ ላቲንና ግሪክ ከሳይንሱ ጎን ለጎን የሚሰጥበት ቤት ነው። በ1948 ሲጨርስ ሐሳቡ ሕግ አጥንቶ አገሩን በተባበሩት መንግሥታት ድርጅት መወከል ነበር። የሳይንስ ውጤቱ ግን እጅግ ከፍ ያለ ስለነበር ወላጆቹና መምህራኑ መክረው ዘክረው ወደ ላይደን ዩኒቨርሲቲ፣ ወደ ቲዎሬቲካል ፊዚክስ መለሱት። ጠበቃነቱ ግን አልጠፋበትም። ቆይቶ እንደምናየው ዕድሜውን ያሳለፈው ክስ ሲመሠርትና ሲሟገት ነው፤ ተከሳሹ ብቻ ነው የተለወጠው።

ዕጣ ፈንታውን የወሰነው ማስታወቂያ ነው። በ1951 አባቱ፣ እንግሊዝ አገር ካምብሪጅ ውስጥ ለኤሌክትሮኒክ ኮምፒውተር ፕሮግራም አጻጻፍን የሚያስተምር የሦስት ሳምንት ኮርስ መኖሩን አይቶ ነገረው። ኮርሱን የሚመራው ሞሪስ ዊልክስ ነው። መሣሪያው ደግሞ ኤድሳክ ይባላል፤ ከሁለት ዓመት በፊት ሥራ የጀመረ፣ ሦስት ሺህ ያህል የራዲዮ አምፖል የተሰካበት፣ የሚያስታውሰውን ነገር በሜርኩሪ በተሞሉ ቱቦዎች ውስጥ በድምፅ ሞገድ የሚያኖር ግዙፍ ነገር። የፊዚክስ ተማሪው የሄደው ኮምፒውተር ለፊዚክስ ይጠቅመኛል ብሎ ነው። መሄዱን የሰማው አድሪያን ቫን ዋይንኻርደን፣ በአምስተርዳም የሒሳብ ማዕከል የስሌት ክፍል ኃላፊ፣ ሥራ ሰጠው። በማርች 1952 ዳይክስትራ በሆላንድ ፕሮግራመር ተብሎ የተቀጠረ የመጀመሪያው ሰው ሆነ።

በማዕከሉ የነበረው አሠራር ዛሬ ሲሰማ ግራ ያጋባል። ብራም ሎፕስትራና ካሬል ስኾልተን የሚባሉ ሁለት ወጣቶች ማሽኑን ይሠራሉ። ዳይክስትራ ማሽኑ የሚታዘዝበትን ፕሮግራም ይጽፋል። ሥራው የሚጀመረው ሦስቱ ተቀምጠው፣ ማሽኑ የትኛውን ትእዛዝ እንዴት እንደሚቀበል በወረቀት ሲስማሙ ነው። ወረቀቱ እንደ ውል ነው። ከዚያ እነሱ ወደ ብየዳቸው፣ እሱ ወደ ጠረጴዛው። ፕሮግራሙ ተጽፎ ሲያልቅ ማሽኑ ገና በመገጣጠም ላይ ሊሆን ይችላል። ስለዚህ የጻፈውን የሚሞክርበት ነገር የለውም፤ ትክክል መሆኑን ማወቅ የሚችለው በማሰብ ብቻ ነው። በኋላ በዘመኑ ፕሮግራመሮች ላይ የሰነዘረው ነቀፋ፣ አንዴ አሂጄ ልየው የሚለውን ልማድ የጠላበት ምክንያት፣ መነሻው ይኸው ነው። እሱ የተማረው የሚሞክርበት ማሽን ሳይኖረው ነው።

ሦስት ዓመት ያህል አንድ እግሩን ፊዚክስ፣ አንድ እግሩን ፕሮግራም ላይ አድርጎ ቆየ። በ1955 ግን ልቡ ተከፈለ። ፊዚክስ ጥርት ያለ ዕውቀት ነው፤ ፕሮግራም መጻፍስ ምንድን ነው? የሃርድዌር ባለሙያ ስለ ሥራው ሲጠየቅ የራዲዮ አምፖሉን፣ ማጉያውን ጠቅሶ ይመልሳል። ፕሮግራመር ምን ብሎ ይመልስ? በዚህ ጭንቀት የቫን ዋይንኻርደንን ቢሮ አንኳኳ። አለቃው በትዕግሥት ሰማው፤ እስካሁን የፕሮግራም ዕውቀት የሚባል ነገር ብዙ አለመኖሩንም አመነለት። ቀጥሎ ግን ኮምፒውተር እንደሆነ ላይመለስ መጥቷል፣ ይህንን ሥራ የተከበረ ሙያ ከሚያደርጉት ሰዎች አንዱ አንተ ብትሆንስ? አለው። ዳይክስትራ ከዚያ ቢሮ ከሰዓታት በኋላ ሲወጣ ሌላ ሰው ሆኖ እንደወጣ ኋላ ተናግሯል። የፊዚክስ ትምህርቱን ቶሎ ብሎ ቋጨ።

በ1956 ማዕከሉ አርማክ የተባለ አዲስ ማሽን ለሕዝብ ሊያሳይ ተዘጋጀ። ለምርቃቱ ሒሳብ የማያውቅ እንግዳም ሰምቶ የሚገባው ጥያቄ፣ ሰምቶ የሚገባው መልስ ያስፈልጋል። ዳይክስትራ የከተሞች መንገድ መረጠ፦ ከሮተርዳም ግሮኒንገን ለመድረስ አጭሩ መንገድ የትኛው ነው? አንድ ቀን ጠዋት ከእጮኛው ከሪያ ዴቤትስ ጋር አምስተርዳም ውስጥ ዕቃ ሲገዙ ቆዩ። ሲደክማቸው አንድ ካፌ በረንዳ ላይ ቡና ይዘው ተቀመጡ። መላው የመጣለት እዚያ ነው፤ ሃያ ደቂቃ ያህል ፈጀ። እርሳስም ወረቀትም አልነበረውም። እሱ ራሱ ውጤቱ እንዲያ ያማረው በዚሁ ምክንያት ነው ባይ ነበር፤ የሚጽፍበት የሌለው ሰው ውስብስቡን ነገር በጭንቅላቱ መሸከም ስለማይችል፣ ሊወገድ የሚችለውን ውስብስብነት ሁሉ እንዲያስወግድ ይገደዳል።

መላው እንዲህ ነው። ሮተርዳም ላይ ዜሮ ይጻፋል። ከሮተርዳም በቀጥታ በሚደረስባቸው ከተሞች ላይ ርቀታቸው በጊዜያዊነት ይጻፋል። ከተጻፉት ሁሉ ትንሹን ቁጥር የያዘው ከተማ ይመረጣል፤ ዴልፍት ነው እንበል። የዴልፍት ቁጥር ከእንግዲህ ሊቀንስ አይችልም። በሌላ ከተማ ዞረን ዴልፍት እንግባ ብንል ያ ሌላው ከተማ ራሱ ከዴልፍት አይቀርብም፤ ርቀት ደግሞ ከዜሮ በታች አይወርድም። ስለዚህ ዴልፍት ይዘጋል። ቀጥሎ የዴልፍት ጎረቤቶች ይታያሉ፤ በዴልፍት በኩል ቢመጣ የሚያጥርለት ከተማ ካለ ቁጥሩ ይታረማል። እንደገና ካልተዘጉት መካከል ትንሹ ይመረጣል፣ ይዘጋል፣ ጎረቤቶቹ ይታረማሉ። ግሮኒንገን ሲዘጋ መልሱ በእጅ ነው። መንገዶቹን ሁሉ አንድ በአንድ ቆጥሮ ማወዳደር አያስፈልግም።

ለምርቃቱ ቀን ካርታው ላይ 64 ከተሞች ብቻ ተደረጉ፤ የከተማው መለያ ቁጥር በስድስት ቢት፣ ማለትም በስድስት የዜሮና የአንድ ምልክቶች፣ እንዲጻፍ። ዛሬ በስልካችን መንገድ የሚያሳዩን ፕሮግራሞች የሚሠሩት ከዚህ መላ በተወለዱ ዘዴዎች ነው። በኢንተርኔት ላይም የመረጃ እሽጎች የትኛውን መስመር ይዘው እንደሚያልፉ ከሚወስኑት ታዋቂ ሥርዓቶች አንዱ ይህንኑ የ1956 ስሌት ይሠራል። የካፌው ሃያ ደቂቃ ለአንድ ቀን ትርኢት የታሰበ ነበር።

በሚቀጥለው ዓመት፣ በ1957፣ ዳይክስትራና ሪያ ተጋቡ። ሪያም የሒሳብ ማዕከሉ ሠራተኛ ነበረች፤ ቤቱ ኮምፒውተር ከመግባቱ በፊት ስሌት በእጅ የሚሠሩ ወጣት ሴቶች የነበሩበት ቤት ነው። ለጋብቻ ምዝገባ የአምስተርዳም ማዘጋጃ ቤት ሲሄዱ ሙሽራው ሙያውን ፕሮግራመር ብሎ አስመዘገበ። ሹማምንቱ እንዲህ ያለ ሙያ የለም ብለው አልቀበል አሉ። ምን ይደረግ? በጋብቻ ወረቀቱ ላይ ቲዎሬቲካል ፊዚሲስት ተብሎ ተጻፈ። ይህን ታሪክ በየመድረኩ እየሳቀ ያወራው ነበር፤ እኔ ግን ቀልዱ ውስጥ ቁጭት ይሰማኛል። ለአምስተርዳም ማዘጋጃ ቤት ያልታየው ሙያ ለብዙ ሳይንቲስትም አልታየውም ነበር።

የአጭር መንገዱ ስሌት ለሦስት ዓመት ሳይታተም ተቀመጠ። ያን ጊዜ እንዲህ ያለ ነገር የሚታተምበት መጽሔት እንኳ አልነበረም ማለት ይቻላል። በ1959 የወጣው በአንድ አዲስ የጀርመን የሒሳብ መጽሔት የመጀመሪያ ቅጽ ላይ ነው፤ ሦስት ገጽ ብቻ፣ ሁለት ችግሮች ከነመፍትሔያቸው። ሌላኛው ችግር የመጣው ከሎፕስትራና ከስኾልተን ነው። የማሽኑ ጀርባ ላይ ያሉት ነጥቦች ሁሉ እርስ በርስ እንዲገናኙ ሆኖ የሚባክነው የመዳብ ሽቦ ግን በተቻለ መጠን እንዲያንስ ይፈልጉ ነበር። ሽቦ ለመቆጠብ የተጀመረ ነገር ዛሬ በየዩኒቨርሲቲው ይማሩታል።

እነዚያው ሁለት ጓደኞቹ በዚያ ሰሞን ሌላ ነገር ይዘውበት መጡ፤ ይሄኛው ግን አስፈራው። ኤክስ 1 የሚባለው አዲሱ ማሽን ሥራ ላይ እያለ በውጭ መሣሪያ ምልክት ሊቋረጥ፣ ወደ ሌላ ጉዳይ ሄዶ ሊመለስ ይችላል። ማቋረጫው መቼ እንደሚመጣ አይታወቅም። ይህ ማለት አንድ ስህተት ዛሬ ታይቶ ነገ ሊሰወር፣ ደግሞ ሊታይ ይችላል ማለት ነው። ዳይክስትራ ለወራት አንገራገረ። በመጨረሻ ጓደኞቹ ይህንን ከአንተ በቀር የሚወጣው የለም ብለው በሙገሳ አሸነፉት። ፕሮግራሙን ጻፈው፤ በ1959ም የዶክትሬት ድርሳኑ ሆነ። ከፍርሃቱ ያገኘው ትምህርት ከዲግሪው ይበልጣል፦ በመሞከር ሊያዝ የማይችል ስህተት አለ። ስለዚህ መጀመሪያውኑ እንዳይገባ አድርጎ መጻፍ ያስፈልጋል።

በ1960 አልጎል የተባለው ዓለም አቀፍ የፕሮግራም ቋንቋ ታወጀ። ዳይክስትራና ያፕ ዞንፌልድ ለኤክስ 1 ኮምፓይለር ለመሥራት ተነሱ፤ ሰው በአልጎል የጻፈውን ማሽኑ ወደሚገባው ትእዛዝ የሚለውጥ ፕሮግራም ማለት ነው። ሥራው እስኪያልቅ ጺማችንን አንላጭም ተባባሉ። በኦገስት አለቀ፤ ከዓለም የአልጎል 60 ኮምፓይለሮች ቀዳሚው ነው። ዞንፌልድ ተላጨ። ዳይክስትራ ግን ጺሙን እስኪሞት ይዞት ኖረ።

በ1962 ወደ አይንድሆቨን የቴክኒክ ዩኒቨርሲቲ በሒሳብ ፕሮፌሰርነት ሄደ፤ የኮምፒውተር ሳይንስ የሚባል ክፍል ገና አልነበረም። እዚያ ያስጨነቀው ጥያቄ ይህ ነው፤ ብዙ ሥራዎች በአንድ ማሽን ላይ በአንድ ጊዜ ሲሄዱ እንዴት ሳይጠላለፉ ይኖራሉ? ለምሳሌ ሁለት ፕሮግራሞች አንድ ቁጥር ይጋራሉ እንበል። ቁጥሩ 5 ነው። የመጀመሪያው 5ን አነበበ። እሱ ሳይጽፍ ሁለተኛውም 5ን አነበበ። ሁለቱም አንድ አንድ ጨመሩና 6 ብለው ጻፉ። ሁለት ጊዜ ተጨምሮ 7 መሆን የነበረበት 6 ሆኖ ቀረ። ማንም አላጠፋም፤ ስሌቱ ግን ጠፋ። በባንክ ሒሳብ ላይ ቢሆን የሰው ገንዘብ ነው።

የዳይክስትራ መድኃኒት ስሙን ያገኘው ከባቡር ሐዲድ ነው፤ ሴማፎር። ሁለት ባቡር በአንድ ሐዲድ እንዳይገናኝ ክንዱን ከፍና ዝቅ የሚያደርገው ምልክት ማለት ነው። በኮምፒውተር ውስጥ ግን አንድ ተራ ቁጥርና ሁለት ትእዛዞች ናቸው፤ አንዱ ሲገቡ የሚጠየቅበት፣ ሌላው ሲወጡ የሚለቀቅበት። ፈቃድ ያላገኘ ይጠብቃል። ዛሬ የምንጠቀምባቸው ኮምፒውተሮችና ስልኮች ኦፐሬቲንግ ሲስተሞች ሁሉ ይህንን ወይም የዚህን ዘመድ ይዘዋል። በ1965 ለተማሪዎቹ በፈተና ያቀረበው አምስት ኮምፒውተሮች አምስት የቴፕ መሣሪያዎችን ስለሚሻሙበት ሁኔታ ነበር። ቶኒ ሆር የተባለው እንግሊዛዊ ባልደረባው ኋላ በክብ ማዕድ ዙሪያ በተቀመጡ አምስት ፈላስፎች መሰለው፤ በየመካከላቸው አንድ አንድ ሹካ ብቻ አለ፣ ለመብላት ደግሞ ሁለት ሹካ ያስፈልጋል። ሁሉም እኩል የግራ ሹካቸውን ቢያነሱ ማንም ሳይበላ ሁሉም በረሃብ ያልቃሉ። የኮምፒውተር ተማሪ የሆነ ሰው ከእነዚህ ፈላስፎች ጋር ሳይራብ አይመረቅም።

ይህንን ሁሉ በተግባር ያዋለው ከጥቂት ባልደረቦቹ ጋር በሠራው፣ በዩኒቨርሲቲው ስም በተጠራው ኦፐሬቲንግ ሲስተም ነው። ሥራው በደረጃ ተከፈለ፤ ከሥር ያለው የላዩን አያውቅም፣ የላዩ በታቹ ላይ ይቆማል። እያንዳንዱ ደረጃ ትክክለኛነቱ ሳይረጋገጥ ሌላው አይደረብበትም። በ1968 ባሳተመው ጽሑፍ እንደገለጸው፣ በሙከራ ጊዜ የተገኙት ስህተቶች የአጻጻፍ ግድፈቶች ብቻ ነበሩ፤ በ500 ትእዛዝ አንድ ያህል፣ እያንዳንዳቸውም በአሥር ደቂቃ ፍለጋ ውስጥ የተገኙ። ፕሮግራም የሚጽፍ አንባቢ ካለ ይህንን ዓረፍተ ነገር ደግሞ ያንብበው።

ያው 1968 የዝናውም የሕመሙም ዓመት ነው። በማርች ወር ለአንድ የአሜሪካ የኮምፒውተር መጽሔት የላከው አጭር ጽሑፍ ታተመ። ነገሩ ስለ አንዲት ትእዛዝ ነው፤ ወደዚህ መስመር ሂድ የምትለው፣ በእንግሊዝኛ ጎቱ የምትባለው። በዚያ ዘመን ፕሮግራመሮች ይህችን ትእዛዝ እንደፈለጉ ይበትኗት ነበር። መስመር 40 ላይ የነበረው ወደ 300 ይዘላል፣ ከ300 ወደ 12 ይመለሳል። የዳይክስትራ ክስ የአንባቢው ክስ ነው። የሰው አእምሮ በወረቀት ላይ የተደረደረን ነገር መከተል ይችላል፤ በጊዜ ውስጥ የሚንቀሳቀስን ነገር ግን በደንብ አይከተልም። ስለዚህ በወረቀት ላይ ያለው ፕሮግራምና በማሽኑ ውስጥ የሚካሄደው ነገር በተቻለ መጠን መመሳሰል አለባቸው። መዝለሉ ያንን ያፈርሰዋል። እሱ የሰጠው ርእስ ለዘብ ያለ ነበር። አዘጋጁ ኒክላውስ ቪርት ቶሎ እንዲወጣ ብሎ በደብዳቤ ዓምድ አስገባው፤ ርእሱንም ትእዛዟ ጎጂ ናት ወደሚል ለወጠው። ከዚያ የስድብ ደብዳቤ ጎረፈ። ዳኛው ጊዜ ነው፤ ጃቫን የመሰለ ቋንቋ ይህችን ቃል ማንም እንዳይጠቀምባት ብቻ ከልክሎ አስቀምጧታል።

በዚያው ዓመት ኦፐሬቲንግ ሲስተሙ ሲያልቅ ዳይክስትራ በከባድ የመንፈስ ጭንቀት ወደቀ። ለረጅም ጊዜ የተሸከመው ሥራ ተጠናቋል፤ የሥራ ክፍሉ ለሚያስበው ነገር ደንታ አልነበረውም። ሲያገግም የጻፈው፣ ራሱ እንዳለው ለመታከሚያ፣ ስለ ሥርዓት ያለው ፕሮግራም አጻጻፍ የሚናገረውን ረጅም ማስታወሻ ነው። ለጥቂት ወዳጆች ልኮት በኮፒ ከእጅ ወደ እጅ ዓለምን ዞረ። ሙከራ ስህተት መኖሩን ያሳያል እንጂ አለመኖሩን አያረጋግጥም የሚለው የታወቀ አባባሉም የዚሁ ዘመን ነው። በዚያው በ1968 ኦክቶበር ጋርሚሽ በተባለ የጀርመን ከተማ የተሰበሰቡ የዓለም ባለሙያዎች የሶፍትዌር ሥራ በቀውስ ውስጥ መሆኑን ሲያምኑ እሱም ነበረ። ለብዙዎቹ መርዶ ነው፤ ለእሱ ግን እፎይታ። ችግር መኖሩ ከታመነ መነጋገር ይቻላልና።

በ1972 የኮምፒውተር ሳይንስ ትልቁ ክብር የሆነውን የቱሪንግ ሽልማት አገኘ። ቦስተን ላይ ያደረገው ንግግር ትሑቱ ፕሮግራመር ይባላል። ኮምፒውተር ባልነበረ ጊዜ የፕሮግራም ችግር አልነበረም፤ ደካማ ኮምፒውተር ሲመጣ ቀለል ያለ ችግር መጣ፤ ግዙፍ ሲመጣ ችግሩም ግዙፍ ሆነ አላቸው። ጥሩ ፕሮግራመር የራሱ ጭንቅላት ምን ያህል ጠባብ እንደሆነ ጠንቅቆ ያውቃል፤ ስለዚህ ሥራውን በትሕትና ይይዛል፣ ብልጣብልጥ ዘዴዎችንም እንደ ወረርሽኝ ይሸሻል። ስለ ትሕትና የሰበከው ሰው ራሱ ትሑት ነበር ወይ ለሚል፣ አለን ኬይ የተባለው አሜሪካዊ ሳይንቲስት የቀለደው ቀልድ በቂ ነው፤ በኮምፒውተር ሳይንስ ትዕቢት የሚለካው በናኖ ዳይክስትራ ነው ብሏል።

በ1973 በሮውስ የተባለ የአሜሪካ ኮምፒውተር ኩባንያ ተመራማሪ አደረገው። ሥራው ከቤት ነው፤ ቤቱ ደግሞ ከአይንድሆቨን አጠገብ፣ ሠዓሊው ቫን ጎኽ ድንች በሊታዎቹ የተባለውን ሥዕል በሳለበት በኑነን መንደር። ማክሰኞ ማክሰኞ ዩኒቨርሲቲ ይሄዳል፤ ጥቂት ሰዎች ተሰብስበው አንድን ጽሑፍ ቃል በቃል ይመረምራሉ። የቀረው ጊዜ የብዕር ነው። በስሙ መነሻ ፊደላት ኢ፣ ደብሊው፣ ዲ ተብለው በተራ ቁጥር የሚጠሩ ጽሑፎቹን በሞንብላንክ ብዕር፣ ያለ ስርዝ ድልዝ፣ በተዋበ የእጅ ጽሕፈት ይጽፋል። ኮፒ አድርጎ ለጥቂት ወዳጆች በፖስታ ይልካል፤ እነሱ ለሌላ ያባዛሉ። በዘመኑ ሁሉ ከ1,300 በላይ ሆነዋል። በቤቱ ቴሌቪዥን አልነበረም፤ ፒያኖ ግን ነበር። የፕሮግራም አጻጻፍን እንደ ሁለቱ የሙዚቃ ደራሲዎች ሁለት ዓይነት ያደርገው ነበር፦ ሞዛርት ጭንቅላቱ ውስጥ ጨርሶ ይጽፋል፣ ቤቶቨን እየጻፈ፣ እየሰረዘ፣ እየለጠፈ ያበጃል። እሱ ከሞዛርት ወገን ነበር።

ከእነዚያ ዓመታት ሥራዎቹ እኔ የምወደው በ1974 ያወጣው ሁለት ገጽ ነው። ብዙ ማሽኖች ያለ አለቃ ሲሠሩ፣ እያንዳንዱም ጎረቤቱን ብቻ ሲያይ፣ ሥርዓቱ በማንኛውም የተመሰቃቀለ ሁኔታ ላይ ቢገኝ እንኳ ራሱን በራሱ ወደ ሥርዓት የሚመልስበትን መንገድ አሳየ። ለአሥር ዓመት ያህል ማንም ልብ አላለውም። በ1983 ሌስሊ ላምፖርት የተባለ ተመራማሪ በአንድ ጉባኤ ላይ የዳይክስትራ እጅግ ድንቅ ሥራ ይህ ነው ብሎ እስኪያነሣው ድረስ ተረስቶ ኖረ። ከዚያ በኋላ አንድ ሙሉ የምርምር ዘርፍ ወጣው።

ብዕሩ ግን ይናደፍም ነበር። በ1975 ኮቦል የሚባለውን ቋንቋ ማስተማር እንደ ወንጀል ይቆጠር፣ ቤዚክ የተባለውን ቋንቋ ተምሮ የመጣ ተማሪም አእምሮው ከመዳን በላይ ተጎድቷል ብሎ ጻፈ። እዚህ ላይ ልኩን አለፈ ብዬ አምናለሁ። የዓለም ባንኮች እስከ ዛሬ በኮቦል ይሠራሉ፤ በቤዚክ የጀመሩ ልጆችም ጎበዝ ፕሮግራመሮች ሆነዋል። ስለ ጎቱም ቢሆን የኮምፒውተር ሳይንቲስቱ ዶናልድ ክኑት በ1974 በሰፊው መርምሮ፣ አንዳንድ ቦታ መኖሯ እንደሚጠቅም አሳይቷል። እያንዳንዱ ፕሮግራም ከሒሳብ ማረጋገጫው ጋር አብሮ ይሠራ የሚለው ጥያቄውም በኢንዱስትሪው ዘንድ ተቀባይ አላገኘም፤ ከጥቂት ዘርፎች በስተቀር ዓለም የመረጠው ቶሎ አውጥቶ ኋላ ማረምን ነው። ዳይክስትራ በዚህ ተሸንፏል። ተሸነፈ ማለት ግን ተሳስቷል ማለት አይደለም፤ ስልካችን በየሳምንቱ ማሻሻያ ጫን የሚለን ለምን ይመስላችኋል?

በ1984 አትላንቲክን ተሻግሮ በኦስተን የቴክሳስ ዩኒቨርሲቲ ፕሮፌሰር ሆነ። ክፍል ሲገባ ጠመኔና ጥቁር ሰሌዳ እንጂ ሌላ መሣሪያ አይዝም። ጥያቄ ሲጠየቅ ረጅም ዝም ይላል፤ የማያውቁት ይጨነቃሉ። ፈተናው የቃል ነው፤ አንድ ተማሪ ከእሱ ፊት ተቀምጦ ችግሩን እያሰበ ይፈታል። በ1988 ደግሞ የመጀመሪያ ዓመት ተማሪዎች የሚጽፉትን ፕሮግራም በማሽን ላይ ጨርሶ ማስኬድ እንዳይችሉ ሐሳብ አቀረበ። ትክክል መሆኑን በሒሳብ ያረጋግጡ። ሐሳቡ እንግዳ ሆኖ ለታየው ሰው ሎፕስትራና ስኾልተን ትዝ ይበሉት። እሱ ራሱም ኮምፒውተር የያዘው ዘግይቶ ነው፤ ለኢሜይልና ለንባብ ብቻ። ከሪያ ጋር በቮልስዋገን መኪና ፓርኮችን ይዞሩ ነበር። መኪናዋን አስጎብኚ ማሽን ብሏት ነበር፤ በእንግሊዝኛ ሲጠራ ከአለን ቱሪንግ ማሽን ስም ጋር ይገጥማል።

በ1999 ጡረታ ወጣ። በሜይ 2000፣ ሰባ ዓመት ሲሞላው፣ ወዳጆቹ ቀላልነትን ፍለጋ የሚል ጉባኤ አዘጋጁለት። በ2002 መጀመሪያ ካንሰር ታምሞ ወደ ኑነን ተመለሰ። የመጨረሻው ጽሑፉ፣ ቁጥር 1318፣ የኤፕሪል 2002 ነው። ኦገስት 6 ቀን በ72 ዓመቱ በቤቱ አረፈ። ያች የተረሳች ባለ ሁለት ገጽ ጽሑፍ በዚያው ዓመት የዘርፉን ሽልማት አግኝታ ነበር። ከ2003 ጀምሮ ሽልማቱ ራሱ የዳይክስትራ ሽልማት ተብሏል።

ጽሑፎቹን የቴክሳስ ዩኒቨርሲቲ አስቀምጧቸዋል፤ እንግሊዝኛ የሚያነብ ሰው በነጻ ሊያገኛቸው ይችላል። ፕሮግራም የምትማሩም የምታስተምሩም ካላችሁ ከቁጥር 340 ጀምሩ፤ የ1972ቱ ንግግር ነው። ቀጥሎ ቁጥር 831ን ተመልከቱ፤ ቆጠራ ለምን ከዜሮ መጀመር እንዳለበት በአጭሩ ይሞግታል። የእጅ ጽሑፉን ስትከፍቱ ገጽ አንድ ሁለተኛው ወረቀት ላይ ቢገኝ የጎደለ ነገር የለም፤ የመጀመሪያው ገጽ ዜሮ ነው።